ዋና መቻል ብቻውን ነፍስ አያድንም

ለአማራ ክልል ሥራና ሥልጠና ቢሮ
ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር
ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስፖርት አካዳሚ
በጣና ዳርቻ የሆቴል፣ የመዝናኛና የጀልባ አገልግሎት ለምትሰጡ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ለነፍስ አድን ዋናተኛ ሙያ የሥልጠናና የምዘና ደረጃ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ ልጆችንና ወጣቶችን ዋና በማሠልጠን የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአንድ ቢሮ መዝገብ ቤት በኩል ከማስገባት ይልቅ በግልጽ የጻፍኩት ጉዳዩ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። አንዱ ሲጠየቅ ወደ ሌላው ይመራል፣ ሌላውም «እኛን አይመለከትም» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ሁላችሁም እኩል እንድታነቡት ፈለግሁ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በጣና ዳርቻ፣ በዓባይ መውጫና በከተማችን መዋኛ ገንዳዎች «ነፍስ አድን» ተብሎ የሚቆም ሰው በታወቀ ደረጃ ይሠልጥን፣ በተግባር ይፈተን፣ ጊዜ ተወስኖለት የሚታደስ የምስክር ወረቀትም ይያዝ።

ይህን እንድል ያደረገኝን ልንገራችሁ። በቅርቡ በአንድ ሆቴል ገንዳ ዳር ተቀምጬ ነበር። ጀርባው ላይ «ነፍስ አድን» የሚል የተጻፈበት ቀይ ቲሸርት የለበሰ ወጣት ፎጣ ያድላል፣ ወንበር ያስተካክላል፣ ማኪያቶ እያመላለሰ ለእንግዳ ያቀርባል። ጥልቁ ጋ ሁለት ሕጻናት ይዋኛሉ፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቷቸው ሒሳብ ይቀበላል። ሥራው ጋብ ሲልለት ጠራሁትና «ማን አሠለጠነህ ወንድሜ?» አልኩት። «ዋና እኮ እችላለሁ ጋሼ፣ ሽምብጥ ነው ያደግሁት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሲዋኝ አይቼዋለሁ፣ ጎበዝ ነው። ሰው ቢሰጥም ምን እንደሚያደርግ ስጠይቀው «ዘልዬ አወጣዋለሁ» አለ። «ካወጣኸው በኋላስ?» ስለው ዝም አለ። በልጁ አልፈርድም። ያሠለጠነው የለም፣ የፈተነው የለም፣ አሠሪውንም የጠየቀው የለም። በከተማችን በዚህ ሥራ ላይ ካገኘኋቸው ወጣቶች መካከል ተመዝኖ የገባ እስካሁን አላጋጠመኝም።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላል የአገራችን ሰው። ብዙዎቻችን የሚሰጥም ሰው ይጮኻል፣ እጁን እያውለበለበ ድረሱልኝ ይላል ብለን እንጠብቃለን። ፍራንክ ፒያ የተባለ አሜሪካዊ ነፍስ አድን በኒውዮርክ ኦርቻርድ ቢች ሲሠራ ሰጣሚዎችን በፊልም ጭምር ቀርጾ አጥንቷል፤ ያየው ከዚህ በጣም የራቀ ነው። ሰጣሚው አፉ ከውሃ ብቅ ጥልቅ ስለሚል ያገኛትን ቅጽበት ለመተንፈስ ያውላታል፣ ለጩኸት አይተርፈውም። እጆቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፤ አውለብልብ ቢሉት አይችልም። ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እግሩ አያግዘውም። በዚህ ሁኔታ ከ20 እስከ 60 ሴኮንድ ቢቆይ ነው፤ ሕጻን ከሆነ ወደ 20ው ይቀርባል። ከዳር ሆኖ ለሚያየው የሚጫወት ነው የሚመስለው።

እንግዲህ ማኪያቶ አድርሶ እስኪመለስ ድረስ ምን ሊፈጠር እንደሚችል አስቡት። ነፍስ አድን ከዋና በፊት የሚሠለጥነው ማየትን ነው። የተመደበለትን የውሃ ክልል ከዳር እስከ ዳር ይቃኛል፣ ራስ ይቆጥራል፣ በፈረቃው ላይ ሌላ ሥራ አይነካም፤ ዓይኑ ስለሚደክምም በየ30 ደቂቃው ገደማ ቦታ ይቀየራል። ይህን ማንም በራሱ ጊዜ አይለምደውም። ልምምድ ይፈልጋል፣ ፈተና ይፈልጋል።

ከዚያ ደግሞ መቼ ውሃ ውስጥ መግባት እንደሌለበት ማወቅ አለበት። ሰጣሚ ያገኘውን ይጨብጣል፣ የጨበጠውን አይለቅም። ወንድሙን ላውጣ ብሎ ገብቶ አብሮ የቀረ ሰው ታሪክ ጣና ዳር ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። የሠለጠነ ሰው በቅድሚያ ከዳር ሆኖ እንጨት ወይም መቅዘፊያ ይዘረጋል፤ ካልደረሰለት ገመድ ያለው ተንሳፋፊ ይወረውራል፤ ካልሆነ በጀልባ ወይም በታንኳ ይጠጋል። ራሱ የሚገባው ሌላው ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር ነው፤ ያኔም በእሱና በሰጣሚው መካከል የሚያደርገው ተንሳፋፊ ይዞ ነው። ለዚህ ውድ ዕቃ እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ጆሮው ላይ ረዘም ያለ ገመድ ታስሮበት በየጀልባ ማቆሚያው ቢሰቀል ሰው ያተርፋል።

ከወጣ በኋላ ያለው ግን ከሁሉም ይብሳል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ንፋሱ በተነሳበት ሰዓት፣ በከመነዳሪ ላይ ሲንሳፈፍ የነበረ ልጅ ማዕበል ገልብጦት ሰጠመ። በአካባቢው የነበሩ ወጣቶች ተወርውረው ገብተው አወጡት፤ ፍጥነታቸውን ሳስበው ዛሬም እኮራባቸዋለሁ። ዳር ሲደርሱ ግን አንዱ በሁለት እግሩ ዘቅዝቆ ያዘው፣ ሌላው ሆዱን ይጫናል፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ «ውሃው ይውጣለት! ውሃው ይውጣለት!» እያለ ይጮኻል። የልጁ ከንፈር ጠቁሯል። ሰዉን ገፍቼ ገብቼ መሬት ላይ በጀርባው አስተኛሁት፤ አገጩን ቀና አድርጌ፣ አፍንጫውን ይዤ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ሰጠሁት። በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ደረቱ ራሱ ተነሳ፤ አስመለሰ፣ አለቀሰ። ልጁን ከውሃ ያወጡት እነዚያ ወጣቶች ናቸው። የጎደላቸው በጥቂት ቀናት ልምምድ የሚገኝ ዕውቀት ነበር።

የሰጠመ ሰው የሚሞተው በአየር እጦት ነው። ዘቅዝቆ መያዝና ሆድ መጫን በጨጓራ ያለውን ወደ ጉሮሮ ይመልሰዋል፣ ከዚያም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ ይበላል። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከአራት አምስት ደቂቃ በላይ ሲቆይ ጉዳቱ እየከበደ ይሄዳል። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ከተማችን ውስጥ መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም በአራት ደቂቃ ውስጥ ከሐይቁ ዳር ተነስቶ አልጋ ላይ የሚደርስ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና እዚያው አሸዋው ላይ መሰጠት አለበት። የአውሮፓ መመሪያ ለሰጠመ ሰው በቅድሚያ አምስት ትንፋሽ፣ ቀጥሎ 30 ጊዜ ደረት መጫንና 2 ትንፋሽ እያፈራረቁ መቀጠልን ያዝዛል። ለአዋቂ ሰው ግፊቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይጠልቃል፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። ልቡ በድንገት ለቆመ ሰው ደረት መጫን ብቻውን ሊረዳ ይችላል ሲባል የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ ለሰጠመ ሰው ግን ትንፋሹ ሊቀር አይገባም።

ሌላው ዓለም ይህን ሥራ እንዴት እንደሚመዝነው ጥቂት ላንሳ። በብሪታንያ ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየው የነፍስ አድን ማኅበር የገንዳ ነፍስ አድን ለመሆን ዕድሜ 16 እንዲሞላ ይጠይቃል። ዕጩው 50 ሜትር በ60 ሴኮንድ ውስጥ መዋኘት፣ 100 ሜትር በደረትና በጀርባ ሳያቋርጥ መሄድ፣ ገንዳው ወለል ድረስ መጥለቅና ያለ መሰላል መውጣት አለበት። የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው፤ በመካከሉም ልምምዱ አይቋረጥም። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ለብዙ ዓመታት የተጠቀመበት ፈተና ደግሞ አለ። ዕጩው 18 ሜትር ያህል ይዋኛል፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይጠልቃል፣ 4 ኪሎ ተኩል የሚሆን ጡብ ያወጣል፣ ጡቡን ደረቱ ላይ ይዞ በጀርባው ተመልሶ ይወጣል፤ ሁሉም በ1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ውስጥ። ከዚህ በተጨማሪ እጁን ሳይጠቀም በእግሩ ብቻ ሁለት ደቂቃ ተንሳፍፎ መቆየት አለበት። በአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ ዕጩ 400 ሜትር ከ9 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይዋኛል። የእነዚህ ሁሉ ጥቅም ግልጽ ነው፤ «እችላለሁ» የሚለውን ቃል ሰዓትና ሜትር ፊት ያቆሙታል።

ነገር ግን እነዚህን እንዳሉ ገልብጠን እንውሰድ አልልም። የገንዳ ፈተና ያለፈ ሰው ለጣና ብቁ ነው ማለት አይደለም፤ ጣና የራሱ ጠባይ አለው፤ ሥልጠናው የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው።

በገንዳ የሰጠመ ሰው ወለሉ ላይ ይታያል። ጣና ላይ፣ በተለይ በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ከየተራራው አፈር አጥበው ሲያስገቡ፣ ክንድህን ብታጠልቅ ጣትህን አታየውም። እንዲህ ባለ ውሃ ሰው ከዓይን ከተሰወረ ዝም ብሎ መጥለቅ ከንቱ ነው። ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ በእግራቸው ወለሉን እየዳሰሱ፣ በተርታ የሚፈልጉበት ስልት አለ። መጨረሻ የታየበትን ነጥብ ከዳር ሆኖ በሁለት ምልክት አነጣጥሮ የሚይዝ ሰውም ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ አንድ የዋርካ ግንድና ከበስተኋላው ያለ የቤት ጣሪያ። ነፍስ አድናችን ይህን አይኑን ጨፍኖ እስኪያደርገው መለማመድ አለበት።

ጠዋት ጣና እንደ መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ያንገላታል፣ በከመነዳሪ የተንሳፈፈውን ልጅ ሳያስበው ከዳር ያርቀዋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበትና በጨረጨራ ግድብ አካባቢ ደግሞ ረጋ ያለ የሚመስል ውሃ ውስጥ ውስጡን ይጎትታል። እዚያ የሚሠራ ሰው ከወራጅ ጋር ታግሎ ሳይደክም አግድም እየዋኘ መውጣትን፣ ገመድንም ከላይ ሳይሆን ሰውየው ከሚደርስበት ከታች በኩል መወርወርን ማወቅ ይገባዋል። የጉማሬ ነገርም አለ፤ በየትኛው ሰዓት በየትኛው ቄጠማ በኩል እንደሚወጣ የማያውቅ ሰው ሌላውን ሊጠብቅ አይችልም።

ስለ ከፍታና ስለ ውሃው ዓይነትም አንድ ነገር ልበል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ጨው የሌለው በመሆኑም ሰውን እንደ ባሕር አያንሳፍፍም። የፈተናውን ሰዓት የሚወስኑ ባለሙያዎች ቁጥሩን ከውጭ መጽሐፍ ከማምጣት ይልቅ እዚሁ፣ በራሳችን ወጣቶች ላይ ለክተው ቢወስኑት ይሻላል። ሰዓቱ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ለዘመድም ለባዳም የሚለጠጥ እንዳይሆን።

ጤናቸውን እንዳልዘነጋው። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ እንዳለ የጤና ባለሙያዎቻችን በደንብ ያውቁታል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚውልን ሠራተኛ በየጊዜው መመርመርና ሲገኝበት በፕራዚኳንቴል ማከም የአሠሪው ግዴታ ሆኖ በደረጃው ውስጥ ይጻፍ።

አሁን ወደ ቢሮው ልመለስ። የምግብ ዝግጅት፣ የሆቴል መስተንግዶ፣ የግንባታ ሙያ የብቃት ደረጃ ወጥቶላቸው ሠልጣኞች በሲኦሲ ይመዘናሉ። ምግብ የሚያቀርበውን አስተናጋጅ የምንመዝን ከሆነ፣ የዚያኑ እንግዳ ልጅ ነፍስ የሚጠብቀውን የማንመዝንበት ምክንያት አይታየኝም። የሙያ ምዘናችን መርህ ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሙያውን በትምህርት ቤትም ይማረው በሥራ ላይ ይልመደው፣ በተግባር ማሳየት የቻለ ሰው ይመዘናል። ይህ ለባሕር ዳር ትልቅ ዕድል ነው። ደንገል ቆርጦ ታንኳ የሚሠራው የነገደ ወይጦ ወጣት፣ ከደብረ ማርያም ሰው የሚያሻግረው ቀዛፊ፣ ከዘጌ ማገዶ የሚያመላልሰው ልጅ ውሃውን ከማንም በላይ ያውቁታል። የመግቢያ መስፈርቱ የክፍል ውጤት ከሆነ እነሱ በር ላይ ይቀራሉ፣ ወረቀት ያለውና ውሃ የማያውቀው ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና በአማርኛ፣ በቃልና በተግባር እንዲሰጥ አጥብቄ እለምናለሁ። ሴቶችም ይሠልጥኑ። ዋና የሚለማመዱ እናቶችና ልጃገረዶች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፣ ብዙዎቹም በሴት ጠባቂ ፊት ይበልጥ ይረጋጋሉ።

«አሠልጣኙን ማን ያሠለጥነዋል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በባንግላዴሽ ኮክስ ባዛር የብሪታንያው የነፍስ አድን ጀልባዎች ተቋም ከአገሬው ድርጅት ጋር ሆኖ የአካባቢውን ወጣቶች ለዳርቻው ነፍስ አድንነት አብቅቷል። ለእኛም በ1993 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተው ዓለም አቀፍ የነፍስ አድን ፌዴሬሽን አባል ማኅበራት ጋር ተጻጽፎ ጥቂት አሠልጣኞችን ማብቃት የሚቻል ነገር ነው። አገር ውስጥ ያለውም ቀላል አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም ለዓለም መርከቦች ባለሙያ ያፈራል፤ መርከበኛ ደግሞ በባሕር ላይ ራስን የማትረፍና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና መውሰድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ግዴታው ነው። ስፖርት አካዳሚው የዋና መምህራን አሉት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታን ሲያስተምር ዘመናት ተቆጥረዋል። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ደብዳቤ ከናንተ ቢወጣ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

የሆቴልና የመዝናኛ ባለቤቶች፣ እናንተን በክብር ግን በግልጽ አናግራችኋለሁ። የሠለጠነ ሰው መቅጠር ወጪ እንዳለው አልክድም። ሆኖም ይህ ፈቃድ ለማግኘትና ለማደስ መስፈርት ሆኖ ካልተጻፈ በቀር የምስክር ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ ወጣቱም በዚያው ደመወዝ ፎጣ ማደሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩ ገንዳ ወይም የመዋኛ ዳርቻ ላለው ድርጅት ሁሉ የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ የተመዘነ ነፍስ አድን ሳያቆም እንዳይሠራ ይደንግግ። እናንተም እስከዚያው ሁለት ነገር በገዛ ፈቃዳችሁ ልታደርጉ ትችላላችሁ፤ ገንዳ የሚጠብቀውን ሰው በሌላ ሥራ አትያዙት፣ ተንሳፋፊና ገመድም ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ስቀሉ። ጀልባ ያላችሁ ደግሞ በጥምቀት ሰሞን፣ በየካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ወደ ዘጌ ምእመን ስትጭኑ፣ ላይፍ ጃኬቱ ከመቀመጫ ሥር ሳይሆን ከተሳፋሪው አንገት ላይ ይሁን።

ነፍስ አድን ያለበት ዳርቻ ከጣና ዙሪያ ጥቂቱ መሆኑን አውቃለሁ። ውሃ ስትቀዳ፣ ከብት ስታጠጣ፣ ልብስ ስታጥብ የምትሰጥም ልጅ ዘንድ ባለ ፊሽካ ጠባቂ አይደርስም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም እንደሞቱ ይገምታል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ለዚህም ነው ድርጅቱ ልጆችን ዋና ከማስተማር ጋር ለተራው ሰው የሰጠመን የማትረፍና ትንፋሽ የመስጠት ልምምድ መስጠትን የሚመክረው። የምስክር ወረቀት ያላቸው ነፍስ አድኖች ካሉን እነሱ ናቸው በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ በየደጀ ሰላሙ ይህን የሚያስተምሩት። ዛሬ የሚያስተምር የለንም።

ሐምሌ 18 በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ የዓለም የመስጠም መከላከል ቀን ሆኖ ይከበራል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ጥያቄዬን በቀናት አስሬ ላቅርብ። ሥራና ሥልጠና ቢሮው ከመጪው ጥምቀት በፊት ዩኒቨርሲቲውን፣ ቀይ መስቀልን፣ የጀልባ ማኅበራትንና ሆቴሎችን ጠርቶ የደረጃ አርቃቂ ኮሚቴ ያቋቁም። ረቂቁ እስከ ፋሲካ ለሕዝብ አስተያየት ይቅረብ። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ፈተናም በሐምሌ 18፣ ውሃው በደፈረሰበትና ንፋሱ በሚከብድበት በዚያው ወቅት፣ በጣና ዳርቻ ሕዝብ እያየ ይሰጥ። እኔ ለአርቃቂ ኮሚቴውም ለሥልጠናውም ያለ ክፍያ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ፤ ስትጠሩኝ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዋና አሠልጣኝ
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር
ለኢትዮጵያ ማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም